ያቃናሁት ኩርባ

ጡረታ ከመምህር እጅ ደወሉን ይቀማል እንጂ ቀይ እስክሪብቶውን አይቀማም። ይህን የምጽፈው ከራሴ አይቼ ነው። ክፍል ከለቀቅሁ ዓመታት አልፈዋል፤ ዛሬም ግን በገበያ መሃል ሳልፍ የሱቅ ማስታወቂያ ዘምሞ ተሰቅሎ ካየሁ፣ ቆሜ ካላስተካከልኩት ቀኑ ቀን አይሆንልኝም። ለቅሶ ቤት ገብቼ እንኳ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሐዘንተኞቹን ከማየቴ በፊት የድንኳኑ ካስማ ከመስመር መውጣት አለመውጣቱን አያለሁ። እናንተም ብትሆኑ ከዚህ በሽታ ነፃ ነን አትበሉ። የጎረቤታችሁ አጥር ወደ ራሱ ግቢ ቢጣመም አላየሁም የምትሉ፣ ወደ እናንተ በኩል ቢጣመም ግን ሽማግሌ የምትሰበስቡ ስንቶቻችሁ ናችሁ? የእኔ የሚለየው በማንም በኩል ቢጣመም የሚያመኝ መሆኑ ብቻ ነው።

ሠላሳ አራት ዓመት በደብረ ማርቆስ ጂኦሜትሪ አስተምሬያለሁ፤ አስተማሪ ሲጠፋም ፊዚክሱን ደርቤ ይዣለሁ። ማስመሪያ ሳይዝ የመጣ ተማሪ እኔ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ አያውቅም፤ ቆሞ ተምሯል። ከቆሙት መካከል ዛሬ ዳኛ የሆኑ አሉ፣ ሐኪም የሆኑም አሉ። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ጎንበስ ብለው እጅ ይነሳሉ። ከፍቅር ይሁን ከልማድ አጣርቼ አላውቅም። አለማጣራቱ ይሻላል።

ቤቴ ከከተማው ዳር፣ ወደ ደብረ ኤልያስ ከሚወስደው መንገድ ፈንጠር ብሎ ነው። ከጓሮዬ ባሻገር ቀዩ ገላጣ የሚባል ቁልቁለት አለ። ለእርሻ እንዳይሆን አፈሩን ጎርፍ ጠርጎታል፤ ለግጦሽ እንዳይሆን ሣሩን ከብት ጨርሶታል፤ ለቤት እንዳይሆን ዳገቱ ፍየል ያንሸራትታል። ለምንም የማይሆን መሬት ደግሞ ለስብሰባ ይሆናል። ቀበሌው በየዓመቱ "ገላጣውን ምን እናድርገው?" እያለ ይሰበሰብበት ነበር፤ በየዓመቱም ለከርሞ ያሳድረው ነበር።

በኅዳር ወር አንድ ቀን ዘመናይ ወደ ቤቴ መጣች። ዘመናይ የቀድሞ ተማሪዬ ናት፤ ከቆሙት አንዷ። አሁን በከተማው የስፖርት መምህርት ሆናለች፤ ብስክሌት ከእግሯ ሥር ወጥቶ አያውቅም።

"መምህር፣ ቀዩ ገላጣ ላይ የብስክሌት መንገድ ልንሠራ ነው። ጎረቤት ስለሆኑ አስቀድሜ ላስታውቅዎ ብዬ ነው" አለችኝ።

"በዚያ ዳገት ላይ ብስክሌት የሚገፋው ማን ነው?"

"አይገፋም፤ ይወረድበታል።"

"ወደ ሆስፒታል ከሆነ በአስፋልቱ ይቀርባችኋል" አልኳት። ሳቀች። ሳልቀልድ የሚስቁብኝ ተማሪዎች ሁልጊዜ ያስገርሙኛል።

ቀበሌው ፈቃዱን የሰጣት ለሙከራ ነው። መጋቢት ሃያ አራት፣ በገብርኄር እሁድ፣ ከቅዳሴ መልስ ከባሕር ዳር ብስክሌተኞች ይመጣሉ፤ እነሱ ወርደውበት ሕዝቡ በዓይኑ ካየ መሬቱ ለብስክሌቱ ይጸናል። ካልወረዱበት ባሕር ዛፍ ይተከልበታል። ባሕር ዛፍ አንዴ ከገባ ደግሞ ይግባኝ የለውም።

ሥራው ተጀመረ። ዘመናይ፣ ስማቸው የሚባለው ብስክሌት ጠጋኝና ሌሎች ሁለት የስፖርት መምህራን ከሥራ መልስ በዶማና በአካፋ ይቆፍራሉ፤ እኔ ከጓሮዬ ወንበር ላይ ሆኜ እቃወማለሁ። የተቃወምኩት በልቤ ነው፤ ነገር ግን አንድም ቀን አልቀረሁም። አራት ወር ሙሉ ያየሁትን ላስረዳችሁ። መንገዱ ከላይ ይነሳና እየተጥመለመለ ይወርዳል። በየቦታው የአፈር ጉብታ አለ፤ የዚህኛው ጎን መንደርደሪያ ነው፣ የማዶው ደግሞ ማረፊያ፣ በመካከላቸው ጉድጓድ ይቆፈራል። ብስክሌተኛው ከመንደርደሪያው ተስፈንጥሮ ጉድጓዱን በአየር ያልፍና ማረፊያው ላይ ይወርዳል። እኛ ሰው በጉድጓድ እንዳይወድቅ ስንጸልይ የኖርን ሰዎች ነን፤ እነዚህ ጉድጓዱን ራሳቸው ይቆፍሩታል። ኩርባዎቹ ደግሞ ከሁሉ የባሱ ነበሩ። የውጭ ጠርዛቸው እንደ ሰፌድ ከንፈር ሽቅብ ተነስቷል፤ የውስጡ ዝቅ ብሏል። አንድም ኩርባ ልክ አልነበረም።

አንድ ቀን ሳልፍ ዘመናይ ዶማዋን ተደግፋ፣ "መምህር፣ ይህ ኩርባ የተንጋለለው ለምን እንደሆነ ላሳይዎ?" አለችኝ።

"አውቃለሁ" አልኳት።

አላውቅም ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት "ያላወቀ እጁን ያውጣ" ሲል የኖረ ሰው የራሱ እጅ ከኪሱ አልወጣም።

በመጋቢት አጋማሽ ማንም ያልጠበቀው ዝናብ ጣለ። ዘመናይና ሁለቱ መምህራን በዚያው ሰሞን ለሥልጠና ባሕር ዳር ሄደው ነበር፤ ስማቸውም የእንግዶቹን ብስክሌቶች ሊያሰናዳ አብሯቸው ወርዷል። ዘመናይ ስልክ ደወለች።

"መምህር፣ አደራዎን፣ ለአያ ደሴ ይንገሩልኝና የውሃ መውረጃ ቦዮቹን ብቻ ደለሉን ይጥረጉልኝ። ሌላውን እኔ ስመጣ እደርስበታለሁ።"

አያ ደሴ ከገላጣው ግርጌ የሚያርሱ ጎረቤቴ ናቸው። "ብቻ" የምትለዋን ቃል ሰምቻታለሁ፤ አልሰማሁም ብዬ አልዋሽም። ነገር ግን የታዘዘውን ብቻ ሠርቶ እጁን የሚያጣጥፍ ተማሪ ለማለፊያ የሚማር ተማሪ ነው ብዬ የማምን ሰው ነኝ። ወጥቼ ገላጣውን አየሁት። ዝናቡ ጥቂት ጉብታዎችን ሸርሽሯል፤ ኩርባዎቹ እንደ ተጣመሙ አሉ። ልጅቱ በሌለችበት ሥራዋን ሙሉ አድርጌ ብጠብቃት ምን ያህል ደስ እንደሚላት አሰብኩ። ከዚህ ሐሳብ የሚበልጥ አደገኛ ሐሳብ በሰው ራስ ውስጥ ገብቶ አያውቅም።

የአገራችንን ወቅት ደግሞ አስቡት። ገበሬው ጥርና የካቲትን ሙሉ በተፋሰስ ዘመቻ እርከን ሲሠራ ከርሞ ገና መፈታቱ ነው። እጁ ከእርከን አልወጣም፤ ዳገት ካየ ገመድ መዘርጋት ያምረዋል። አያ ደሴ ጉብታዎቹን ዞረው ዞረው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"መምህር፣ እነዚህ ልጆች እርከን አልተማሩም። ይህ ውሃውን ይጠራዋል እንጂ መች ያቆመዋል?"

"አልተማሩም" አልኩ። "እኛ እናስተምራቸዋለን።"

"እንዲያውም ደቦ እጠራላታለሁ። ሴቶች ልጆቻችንን ከቤት አውጥታ የምታሮጥልን እሷ አይደለች?"

በማግስቱ ሠላሳ ያህል ሰው ዶማውን ተሸክሞ መጣ። ሁለት ዘንግ፣ አንድ ገመድ፣ በገመዱ መሃል የምትንጠለጠል ውሃ ልክ ተዘጋጀች። አያ ደሴ ዘንግ ያዙ፤ ውሃ ልኳን የማየው እኔ ሆንኩ። እነሆ የሠራነው፦ በየጉብታው መሃል የተከፈተውን ጉድጓድ ሞላን። የመንደርደሪያውን አናት ደለደልን። ማረፊያውን አፈሩ እንዳይሸሽ በድንጋይ ካብነው፤ ያውም በጥሩ ድንጋይ፣ ከወንዝ ተለቅሞ በመጣ። የኩርባዎቹን የሰፌድ ከንፈር ቆርጠን ጠረጴዛ አስመሰልናቸው። ውሃ ልኳ ውስጥ ያለችው አረፋ መሃል ላይ ቀጥ ብላ ስትቆም፣ እውነቱን ልናገር፣ ልቤ አብራ ቆመች። ማታ ሰው ሲበተን አንዱ ወደ ኋላ ዞር ብሎ አየና "ይኸ ገላጣ ዛሬ አለቀለት" አለ።

ልክ ነበር።

"አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች" ይላል ያገሬ ሰው። ሴትዮዋን አልፈርድባትም። እሷ ቢያንስ ውሃ ልክ አልያዘችም።

እነ ዘመናይ የተመለሱት መጋቢት አሥራ ዘጠኝ፣ ማክሰኞ፣ የገብርኤል ዕለት ነው። ከራስጌ እስከ ግርጌ እኔው አስጎበኘኋቸው፤ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ፣ ምስጋናው ሲመጣ "ምንም አይደል" ለማለት ተዘጋጅቼ። ስማቸው ብስክሌቱን መሬት ላይ አጋደመና፣

"ምነው ባሕር ዳር ሳለን ቢነግሩን ኖሮ፤ ብስክሌቱን ትተን በሬ ጠምደን በመጣን" አለ።

ዘመናይ መንገዱን በእግሯ እስከ ታች ወረደች፤ ተመልሳ ወጣች። ካቡን በእጇ ዳሰሰችው።

"ካቡ እጅግ ያምራል፣ መምህር" አለችኝ። ከዚያ ካቡ ላይ ተቀመጠችና ፊቷን ወደ ማዶ አዞረች። አልጮኸችም። ብትጮኽ በተሻለኝ፤ ለሚጮኽ ተማሪ መልስ አላጣም።

ፊቷን ሳትመልስ፣ "ሰው ከአየር ሲወርድ ድንጋይ ላይ ነው የምናሳርፈው?" አለች።

ዓይኔን ከካቡ ላይ አነሳሁ።

"ኩርባውንስ ምን ብላችሁ ቆረጣችሁት?"

"ተጣሞ ነበር።"

"መምህር፣ በገመድ ጫፍ ድንጋይ አስረው እያሽከረከሩ ያስተማሩን እርስዎ አይደሉም? ገመዱ ሲለቀቅ ድንጋዩ ወዴት ይሄድ ነበር?"

"በታንጀንቱ፣ ቀጥ ብሎ" አልኩ። ጥያቄ ሲመጣ መልሱ ከአፌ የሚወጣው ሳላዘው ነው።

"እንግዲህ ኩርባው ላይ ድንጋዩ እኛ ነን። ገመዱ ያ የቆረጡት ከንፈር ነበር።"

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ያን ያህል ግልጽ የሆነ ነገር ለመረዳት አራት ወርና አንድ ደቦ የፈጀብኝ መሆኑ ነው ያሳፈረኝ። የራሴን ትምህርት፣ የራሴ ተማሪ፣ በራሴ ምሳሌ አስተማረችኝ፤ እኔም ቆሜ ተማርኩ። መቀመጫ የሰጠኝ አልነበረም።

አያ ደሴ ተጠርተው መጡ። ነገሩን ሲሰሙ ኮፍያቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ፤ ከዚያ ቀን መቁጠር ጀመሩ። "ነገ ረቡዕ ይሠራል። ሐሙስ ማርያም ናት። ዓርብ ይሠራል። ቅዳሜ ጊዮርጊስ፣ ያውም በሰንበት ላይ። እሁድ እንግዶቹ ይመጣሉ።" የአራት ወር ሥራ በሁለት ቀን ሊሠራ ነው ማለት ነው።

"በዓሉንም እንሥራዋ፣ አያ ደሴ" አለ ስማቸው።

"አንተ የከተማ ሰው ነህ፤ በረዶው አንተን አያገኝህም። የማርያም ዕለት ዶማ ያነሳ ሰው፣ ሐምሌ ላይ በረዶ ቢጥል ላገሩ ምን ብሎ ይመልሳል?"

ይህን በፈገግታ የምታልፉት ካላችሁ ቆም በሉ። በእኛ አገር በበዓል ቀን አፈር የሚነካ ሰው የራሱን ገብስ ብቻ አይደለም በዋስትና የሚያስይዘው፤ የጎረቤቱንም ነው። እምነቱን ብትቀበሉትም ባትቀበሉትም፣ አንድ ሰው ለሥራዬ ቸኮልኩ ብሎ ሠላሳ ቤተሰብን ክረምቱን ሙሉ እንቅልፍ እንዳይነሳ የሚከለክል ሕግ መጥፎ ሕግ አይደለም። ዘመናይም ይህን ታውቃለችና አልተከራከረችም። "በሁለት ቀን እንሞክራለን" አለች።

ረቡዕ ደቦው እንደገና ወጣ። የሠራውን ሊያፈርስ የተጠራ ደቦ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ምላሱ ከዶማው ይፈጥናል። "ዛሬ አፍርሰን ነገ ደግሞ መምህር ምን ያሰኛቸው ይሆን?" ይላል አንዱ። "ተዋቸው፤ የቤት ሥራ ነው፣ ካልደገምነው አያልፉንም" ይላል ሌላው። ዘመናይ ወደ እኔ መጥታ እጇን ዘረጋች።

"ውሃ ልኳን ይስጡኝ፣ መምህር።"

"ምን ልታደርጊባት?"

"ምንም። እስከ እሁድ ከእኔ ዘንድ ትቆይ።"

በሠላሳ አራት ዓመት ከተማሪ ኪስ የቀማሁት ብይ፣ ወንጭፍና መስታወት ሁሉ በዓይኔ ዞረ። ሰጠኋት። የተመደብኩት ድንጋይ ከማረፊያው ላይ እየነቀሉ ወደ ዳር ማውጣት ነበር፤ አወጣሁ።

ነገር ግን ፍርድ ላለማጓደል ያህል፣ የገበሬው ዕውቀት ሁሉ ከንቱ አልቀረም። አያ ደሴ ውሃው ከመንገዱ ገና ሳይደርስ ከላይ ወደ ጎን የሚቀለብሰው ቦይ እንደሚያስፈልግ አሳዩአት። "ቦይሽ ጎርፉን ከመጣ በኋላ ነው የሚያባርረው፤ ሳይመጣ መልሺው እንጂ" አሏት። ዘመናይ ለጥቂት ጊዜ ቁልቁለቱን አየችና "ይህን አላወቅሁም ነበር" አለች። ልብ በሉ፤ እኔ በአራት ወር ያልወጣችኝን ቃል እሷ በአንድ ትንፋሽ አወጣቻት።

ረቡዕ ማታ ጉብታዎቹ ቆመዋል፤ ግን ለስላሳ ናቸው። ስማቸው አንዱ ላይ ቢወጣ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ገባ። "ካልተጠቀጠቀ መጀመሪያ የሚያርፍበት ሰው ይቀበርበታል" አለ። ዓርብን ሲጠቀጥቁ ቢውሉ ኩርባዎቹ አይደርሱም፤ ኩርባዎቹን ቢሠሩ ጉብታው አይጠነክርም። ዘመናይ ያን ማታ ወደ ቤቷ ስትሄድ ብስክሌቷን አልጋለበችም፤ እየገፋች ነው የሄደችው።

ሐሙስ የማርያም ዕለት ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ በገላጣው አጠገብ ሲያልፍ፣ አያ ደሴ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው ቆሙ።

"የተከለከለው መቆፈር ነው እንጂ፣ መርገጥ መች ተከለከለ? ቤተ ክርስቲያኑስ የሄድነው አፈር ረግጠን አይደል?" አሉ።

ሁሉም አብረውን ወደሚመለሱት ቄስ አየ። ቄሱ ወደ ሰማይ አዩ። በእኛ አገር የቄስ ዝምታ ግማሽ ፈቃድ ነው፤ ሌላውን ግማሽ ሕዝቡ ራሱ ይጨምርበታል። አያ ደሴ የመጀመሪያው ጉብታ ላይ ወጡና በመጠነኛ እርምጃ ወዲያና ወዲህ ይሉ ጀመር። ሌላው ተከተለ። ዐቢይ ጾም ስለሆነ ዘፈን የለም፣ ጭፈራ የለም፤ ነጠላ ያጣፋ ሕዝብ ተሰልፎ፣ በእርጋታ፣ ለጤናው የሚንሸራሸር መስሎ አፈር ሲረግጥ ዋለ። እኔም ሱፌን እንደለበስኩ ከዘራዬን ይዤ ወጣሁ። ከኋላዬ የነበሩ አንዲት ባልቴት ወገቤን ነካ አደረጉኝ።

"መምህር፣ እግርዎን ያንሱ እንጂ፤ የሰልፍ ተማሪ የሚቆጣጠሩ መሰለዎ?"

አነሳሁ። ከዘመናይ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠምን፤ እሷ ፈጥና አንገቷን ደፋች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ከማክሰኞ ወዲህ የሳቀችው ያን ጊዜ ነው።

ዓርብ ኩርባዎቹ ከንፈራቸውን መልሰው አገኙ። ቅዳሜ ማንም ምንም አልነካም።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ገላጣው ነጭ በነጭ ሆነ። የቀበሌው ሊቀ መንበር መዝገባቸውን ይዘው ጥላ ሥር ቆመዋል፤ የባሕር ዛፉ ችግኝም በልባቸው እንደ ቆመ ያስታውቃል። ከእንግዶቹ አንዱ መንገዱን በእግሩ ወርዶ፣ ማረፊያውን በጫማው ተረከዝ መታ መታ አደረገው።

"ይህን ማን ጠቀጠቀው?"

"ከማርያም የተመለሰ ሰው ሁሉ" አለችው ዘመናይ፤ የራስ ቁሯንም አጠለቀች። መጀመሪያ የምትወርደው እሷ ነበረች። የሠራሁት ሌላውን ከሚጥል እኔን ይጣለኝ ብላ ነው።

ለቀቀችው። የመጀመሪያውን ጉብታ ስትዘል የሴቱ ሁሉ ነጠላ አፉ ላይ ደረሰ። አረፈች፤ አፈሩ አልከዳትም። ከዚያ እኔ የምጠብቀው ኩርባ መጣ። ብስክሌቱ በዚያ ፍጥነት ገባበት፤ ዘመናይም ከነብስክሌቷ ወደ ውስጥ ዘመመች፣ መሬት ልትነካ እስክትቃረብ ድረስ። ያ ተቆርጦ የተመለሰው ከንፈር እቅፍ አድርጎ አዞራትና ወደ ቀጣዩ ላካት። በዕድሜዬ የዘመመ ነገር አይቼ ላቃናው እጄ ያልተነሳው ያን ዕለት ነው። እታች፣ ከአያ ደሴ ማሳ ዳር ስትቆም አቧራው ሳይበርድ እንግዶቹ ተከታትለው ወረዱ። አያ ደሴ ዘንጋቸውን ተደግፈው በቀስታ፣ "መሬቱ ጸና" አሉ።

ሊቀ መንበሩ ቃለ ጉባኤውን እዚያው ጻፉት። ገላጣው ለብስክሌት መንገዱ ጸንቷል። ጥገናውን የሚከታተል ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ሰብሳቢውም፣ ሁልጊዜ ከሥፍራው ስለማይታጡ፣ መምህር ይሆናሉ። ሕዝቡ በጭብጨባ ተቀበለ። ዘመናይ እጇን አወጣችና አንዲት ዓረፍተ ነገር እንድትጨመር ጠየቀች። ተጨመረች፤ ለሁሉም ተነበበች፦ "ሰብሳቢው የመንገዱን ሠሪ ሳያማክሩ ማንኛውንም ነገር አያቃኑም።"

ሕዝቡ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ስለ እኔ ከተጻፉት የሥራ ሪፖርቶች ሁሉ እንደዚህ ትክክል የሆነ አላነበብኩም።

ጠረጴዛ ስላልነበረ መዝገቡን በብስክሌት መቀመጫ ላይ አስደግፈው አቀረቡልኝ። ፈረምኩ። መቀመጫው ሾጣጣ ነውና ፊርማዬ ከመስመሩ ወጥቶ ሽቅብ ዘመመ። ልሰርዘውና ከሥሩ በትክክል ልፈርም እስክሪብቶውን መልሼ አስጠጋሁ። ዘመናይ እያየችኝ ነበር።

እስክሪብቶውን ለሊቀ መንበሩ መለስኩላቸው።